ማቀዝቀዣውና የእናቴ ድምፅ

ደብረ ታቦር
መጋቢት 2017 ዓ.ም.

ለልብ ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ሥራሽ፣ ጤናሽ፣ ያ የሚያስቸግርሽ ወገብሽ እንዴት ነው? የሐዋሳ ሙቀት ተስማምቶሽ ትንሽ ሥጋ አበጀሽ ወይስ እንደ ተማሪነታችን ጊዜ አጥንትሽ ይቆጠራል? እኛ ዘንድ ብርዱ አልለቀቀንም፤ መብራቱም እንደ ልማዱ መጣሁ ሄድኩ ይላል። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ግን አልጽፍልሽም።

ከዚህ በታች ያለውን ከማንበብሽ በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ። ብቻሽን ከሆንሽ ወረቀቱን እጠፊውና ሰው ጥሪ። ጎረቤትም ቢሆን፣ የሥራ ባልደረባም ቢሆን፣ አጠገብሽ ይቀመጥ። ከዚያ አንብቢ።

እናቴ አርፋለች። በጥር፣ በአስተርእዮ ማርያም ማግስት ቀበርናት። ያ ሳል ነው የወሰዳት። አንቺም ልጇ ነበርሽና አልቅሽላት። ዩኒቨርሲቲ ሳለን የካፌው ወጥ ሲያስመርርሽ እቤታችን መጥተሽ ከእጇ ያልጎረስሽበት ሳምንት አልነበረም። ያቺ የሐዋሳዋ ልጄ አትደውልም ወይ እያለች እስከ መጨረሻው ትጠይቀኝ ነበር።

መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አላጣሁትም። ሰው በማለዳ ይመጣል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ እንደዚያ ነው የሚነገረው። እኔ ግን ሐዋሳ ድረስ የምልከው ሽማግሌ የለኝም። የኮምፒውተሩን ማቀዝቀዣ የለመንኩሽ ቀን እማ እንዴት ናት ስትይኝ ደህና ናት ብዬሻለሁ። ያኔ ተቀብራ ነበር። ከወንድሜ ከደሞዜ ጋር ስለምትደዋወሉ ፈርቼሽ ነው። ይቅር በይኝ፤ እሱን ያልነገርኩትን ላንቺ መንገር አልቻልኩም።

ባለፈው መልእክትሽ ማቀዝቀዣው ልክ ሆነ ወይ፣ የእማ የተቀዳው ተረትስ አለቀ ወይ ብለሽኛል። ማቀዝቀዣው ልክ ሆኗል። ተረቱ ግን አላለቀም። የኮምፒውተሬን ካርድ ያበረድኩበት ለተረቱ አይደለም። ማቀዝቀዣው ከራስሽ ማሽን ላይ ነቅለሽ የሰጠሽኝ ነውና ምን እንደሠራሁበት የማወቅ መብት አለሽ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ደሞዜ እንደምታውቂው ጋምቤላ የጤና መኮንን ነው። ሚስቱ ሁለት ጊዜ ጽንስ ወርዶባት በስንት ስለት ያረገዘች፣ መውለጃዋ የተቃረበ ሴት ነበረች። መንገዱ ደግሞ ክፉ ነው። ነጋዴው ካሳሁን መኪና በቆመበት በእግሩ እያለፈ ይደርሳል፤ ተነስተው ያልደረሱም አሉ። አያ ሙላቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ለቀብሩ ከእብናት መጥተው አፈሩ ሳይደርቅ ሁላችንንም ሰበሰቡን። ልጁ በሰው አገር፣ ዘመድ በሌለበት፣ በስልክ መርዶ አይሰማም አሉ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ሰው ልከን እናስመጣዋለን፤ እኔ ቤት ያድራል፤ በማለዳ ዘመዶቹ ከበውት እናረዳዋለን፤ እስከዚያ ትንፍሽ ያለ ሥጋዬ አይደለም አሉ። ቃል ገባን። እኔም ከልቤ ነው የገባሁት። ብቻውን ሆኖ ሲሰማው ማን ይይዘዋል?

ድንኳኑ ሳይነሳ ደወለ። ከኋላዬ ሴቶች ያለቅሳሉ። ጫጫታው ምንድን ነው አለኝ። የጎረቤት ሰርግ ነው አልኩት። ጥር ነዋ! አመነኝ። እንዲያውም አንቺ መቼ ነው የምታስጨፍሪን ብሎ ቀለደብኝ። ስልኩን ዘግቼ ጓሮ ሄድኩና አፌን በነጠላዬ አፍኜ ጮህኩ።

ከዚያ ወዲያ ውሸቱ ይዋለድ ጀመር። እማን አቅርቢልኝ ሲል ጣራ ገዳም ሱባኤ ገብታለች፣ እዚያ ስልክ አይያዝም አልኩት። በቪዲዮ ልይሽ ሲል ካሜራው ተሰብሯል አልኩት፤ ጥቁር ለብሻለሁ፣ ጸጉሬንም ተላጭቻለሁ፣ እንዴት አድርጌ ልታይለት? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ እያደር ከበደኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፣ የሰፈሩ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ያውቃል፣ የማያውቀው የወለደችው ልጅ ብቻ ነው።

የካቲት ሲገባ ትዕግሥቱ አለቀ። እናቴ ሳትመርቀኝ ልጅ አላቅፍም፣ ሁለት ሱባኤ የሚያህል ጊዜ ጠበቅኩ፣ አሁንስ ድምጿን ካልሰማሁ በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ አለ። ወንድሜን ታውቂዋለሽ። እመጣለሁ ካለ ይመጣል።

አያ ሙላቴ የአርባዋን ነገር ሊመክሩ መጥተው እቤት ነበሩ። ያን አንቺ በፍላሽ የሰጠሽኝን ፕሮግራም ታስታውሻለሽ፤ እማ ተረቱን ስትቀዳ ሳል ያቋረጠባትን ቃል በራሷ ድምፅ የሚሞላልን። አንድ ቀን አሳይቻቸው ተገርመው ነበር። ይህ መኪናሽ የእህቴን ድምፅ ያውቃል ብለሽኝ የለም ወይ አሉኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ በሽማግሌ ፊት አድርጌው የማላውቀውን ጮህኩባቸው። ሙት ይረፍበት አልኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡኝም፤ አለቀሱ። አንዷን ቀብረናል፣ ሌላውን ደግሞ ከመንገድ ዳር ለቅመን እንቅበረው ወይ አሉኝ። ሄጄ ኮምፒውተሩን አበራሁ።

አንድ ሁለት ቃል መሙላትና ሙሉ ንግግር ማናገር አንድ እንዳልሆነ ላንቺ አልነግርሽም። ማሽኑ የተቀዱትን ተረቶች በሙሉ እየሰማ ቀኑን ሙሉ መማር አለበት። ይህን ስሌት የሚሸከመው ካርድ ደግሞ ስሙ ብቻ ነው ትልቅ። ማራገቢያዎቹን አቧራ በልቷቸው ሁለቱ ቆመዋል፣ ሦስተኛው ይንጫጫል። ሥራ ሲበዛበት ወዲያው ይግልና ራሱን ያጠፋል። ያኔ ነው ላንቺ ደውዬ የለመንኩሽ። ለተረቱ ነው አልኩሽ።

ካሳሁን ማቀዝቀዣሽን በስንዴ ጆንያ ውስጥ ቀብሮ አመጣልኝ። አያ ሙላቴ ከጆንያው ሲወጣ አይተው፣ በደብረ ታቦር ብርድ ማቀዝቀዣ? ጉና ላይ ወስደሽ አታስቀምጪውም ኖሯል አሉ። ከቀብሩ ወዲህ የሳቅነው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከፍታችን አየሩን ስስ ስላደረገው ሙቀት ቶሎ አይወስድልንም ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ። እንደሱ ከሆነ እኔም የምግለው ለዚህ ነው አሉ።

ገበታው ላይ አንሶላ አንጥፌ፣ በጠራራ ብርሃን፣ ከሰዓት ሠሪው የተዋስኩትን ትንሽ ካቻቢቴ ይዤ ጀመርኩ። አሮጌውን ማቀዝቀዣ ስፈታ ብሎኖቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ ማቀዝቀዣው ግን ከቺፑ አልላቀቅ አለ። ሙቀት እንዲያሳልፍ በመካከላቸው የተቀባው ፔስት ደርቆ ተጋግሯል። በጸጉር ማድረቂያ አሙቄ እያባበልኩ አላቀቅኩት። የሚጠረግበት አልኮል በከተማው መድኃኒት ቤት ሁሉ ጠየቅኩ፤ የለም። ከእማ አልጋ ሥር ግን አንድ ጠርሙስ ዳግም አረቄ ነበር። ራሷ ያወጣችው ነው፤ ታውቂዋለሽ፣ ሽታው ብቻ የሚያሰክረው። በጥጥ ነክሬ ጠረግኩበት። ቤቱ ሁሉ እሷን እሷን ሸተተ። የቺፑ ፊት እንደ መስተዋት ጠራና የተላጨ ጭንቅላቴን አየሁበት።

ከማቀዝቀዣው ጋር የላክሻቸውን ለስላሳ ንጣፎች በሚሞሪ ቺፖቹ ልክ እየቆረጥኩ ለጠፍኩ። እንባ እያስቸገረኝ ስለነበር ከአንዱ ላይ ስስ ላስቲኩን ሳልልጥ ቀርቻለሁ። ብትኖሪ በኩርኩም ትይኝ ነበር። አዲሱን ፔስት ቀብቼ፣ ያን የብረት ተራራ ከላይ ጭኜ፣ ብሎኖቹን ፊትና ኋላ እያፈራረቅኩ አጥብቄ ሳበራው ሙቀቱ ከበፊቱ ብሶ ወጣ። ነቅዬ ፈታሁ። ላስቲኩን ሳየው በራሴ ተናደድኩ። እንደገና ጠረግኩ፣ እንደገና ቀባሁ፣ እንደገና አሰርኩ። ከግዝፈቱ የተነሳ የኮምፒውተሩ ሳጥን አልዘጋ ሲልና ካርዱም ሲጎብጥብኝ ሳጥኑን ከፍቼ ትቼ ከሥር በሸንበቆ ደገፍኩት።

ሁለተኛ ሳበራው ማራገቢያዎቹ ይዞራሉ፣ ግን አይሰሙም። ሙቀቱ ሰባ ዲግሪ ላይ ወጥቶ ቆመ። ሥራውን ሁሉ ጫንኩበት፤ ከዚያ አልዘለለም። በደጉ ጊዜ ቢሆን እናቴ ነበረች እልል የምትለው። ምን እንደሆነ ሳታውቅ እልል ትል ነበር። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የገጠምኩት ነገር እንዳይሠራ በሆዴ ስመኝ እንደነበር ያኔ ገባኝ።

መብራት በሄደ ቁጥር ካቆመበት እየቀጠለ ተማረ። ሲጨርስ መጀመሪያ የወንድሜን ስም ብቻ አስጠራሁት። ደሞዜ ልጄ አለ። አለች ልበል ወይስ አለ፣ አላውቅም። አያ ሙላቴ እህታቸው የገባች መስሏቸው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ቆመው ቀሩ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

አንድ ነገር ብቻ ልክ አልነበረም። ማሽኑ የሰማት ተረት ስትናገር ነው። ስትቆጣ አልሰማትም፣ ገበያ ስትከራከር፣ ከጎረቤት ስታወራ አልሰማትም። ስለዚህ ምኑንም ሲናገር እንደ ተረት ነው፤ ቀስ ይላል፣ ቃሉን ሳብ ያደርጋል፣ ልጅ ሲተኛ የሚሰማው ዓይነት። ምርቃቱን አያ ሙላቴ ቃል በቃል ነገሩኝ። ከወላጆቻቸው የወረሱት ነው። እኔ ጻፍኩ፤ ማሽኑ ተናገረ፤ ከገዳሙ በሰው ስልክ ተቀድቶ የመጣ ነው ብለን ላክነው።

ከላክነው በኋላ ነው ደግሜ የሰማሁት። ክፉ አይይህ ይላል፣ ያቀፍከውን ያሳድግልህ ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ልጄ አንተ ቅበረኝ ይላል። ለወንድ ልጅ የሚባል ነው፣ የትኛዋም እናት የምትለው ነው። አያ ሙላቴም አፋቸው ላይ ስላለ ነው ያሉት፤ እኔም እጄ ስለለመደው ነው የጻፍኩት። ሁለታችንም ከቀብሯ መልስ የተቀመጥን ሰዎች፣ ሁለታችንም አልሰማነውም። ላጥፋው ብዬ ስነሳ ደሞዜ አድምጦታል።

ወዲያው ድምፁን ላከ። ይስቃል፣ ያለቅሳል። እማ እንደ ተረት አወራሽኝ፣ ልጅ አደረግሽኝ እኮ ይላል። አልመጣም፣ ሚስቴን ይዤ እጠብቃለሁ፣ አንቺም ሱባኤሽን ጨርሺ ይላል። አያ ሙላቴ እግዚአብሔርን አመሰገኑ። እኔም ተንፈስ አልኩ፤ አልዋሽሽም። ወንድሜ በዚያ መንገድ ላይ አይደለም፣ በሕይወት አለ። ለዚያ ቀን ማቀዝቀዣሽ ሰው አድኗል ብዬ አሰብኩ።

አርባዋን አውጥተን ብዙም ሳይቆይ ሚስቱ ተገላገለች። ሴት ልጅ፣ ደህና፣ እናቷም ደህና። መልእክቱ ግን የመጣው ለኔ አልነበረም፤ ለእማ ነበር። ልጄን ስም አውጪላት ይላል። አንቺ ሳትሰይሚያት በስም አንጠራትም፤ እስክትልኪልን ሕፃኗ እያልን እንጠብቃለን ይላል።

አያ ሙላቴ ቀላል አድርገው አዩት። ደስ የሚል ስም ፈልጊና ትናገር አሉኝ። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ካርዱ በርዷል፣ ማራገቢያው ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ሁሉ ዝግጁ ነው። ስሞች ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። ሱባኤ ገብታለች ያልኩት ውሸት መርዶው ሲነገር አብሮ ያልቃል። ምርቃቱም ቢሆን አንድ ቀን ይረሳል ብዬ ራሴን አታልያለሁ። ስም ግን እንዴት ይረሳል? ያቺ ልጅ አያቴ ያወጣችልኝ ስም እያለች ልታድግ ነው፤ ትምህርት ቤት ልትጻፍበት፣ ልትዳርበት፣ በመጨረሻም በክርስትና ስሟ ጎን ልትሞትበት ነው። ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ የተናገረው ብረት ነው። እጄን አነሳሁ።

ደወልኩለት። በራሴ ድምፅ። ምትኬ በሏት አልኩት።

አገርሽ ሌላ ነውና ምናልባት አታውቂው ይሆናል። እኛ ዘንድ ይህ ስም ቤት ሳይጎድል አይወጣም። የሄደ ሰው አለ፣ በቦታው የመጣ አለ ማለት ነው። የጋይንት ልጅም ሆነ የፋርጣ ልጅ ይህን ስም ሰምቶ ማን ሞተ ብሎ ይጠይቃል እንጂ ያምራል አይልም። ደሞዜም ያምራል አላለም። ከበስተኋላው ሕፃኗ ስታለቅስ ይሰማኛል። እማ ናት እንዲህ ያለችው አለኝ። አይደለችም፣ እኔ ነኝ አልኩት።

ጮኾ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በዝግታ፣ ሕመምተኛ እንደሚጠይቅ ሐኪም፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። ቅበረኝ ስትለኝ ቀብራችኋት ነበር ወይ አለኝ።

አዎ አልኩት። ስልኩ ተዘጋ።

አያ ሙላቴ እንደፈሩትም ብቻውን ሰማው። ሚስቱ ኋላ እንደነገረችኝ ከደጃፉ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጎረቤቶቹ፣ ቋንቋውን የማይሰሙት ሁሉ፣ መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። ዝም ብለው ነው አሉ የተቀመጡት። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ያሳደገችን ሰፈር ያላደረገችለትን እነሱ አደረጉለት።

አያ ሙላቴ ቃል አፍርሰሻል ብለው ወደ እብናት ሄዱ። ፊታቸውን እንኳን አላዞሩልኝም። እሳቸውን ክፉ አትበያቸው፤ ልጁን በሕይወት ለማቆየት ነው የደከሙት፣ ተሳክቶላቸዋልም። እኔ ትክክል ሠርቻለሁ ብዬም አልኩራራብሽም። ወንድሜን ቀስ አድርጌ ላስቀምጠው ብዬ ከፍ ካለ ቦታ ጣልኩት። ከበር ሲወጡ ግን አንድ ነገር አዘዙኝ። ያን ድምፅ ዛሬውኑ አጥፊው፤ እህቴ አፈሯ ይቅለላት አሉ። እሺ አልኳቸው።

የድምፁን ነገርና ይህን ትእዛዝ ለደሞዜ ሚስት ነግሬያት ነበር፤ ትናንት ደግሞ እሱ ራሱ ጻፈልኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ የመጀመሪያው ነው። አልተቆጣኝም። ልጅቷን ምትኬ ብለዋታል። ከመጥፋቷ በፊት አንድ ጊዜ ደህና ሁን ልጄ ትበለኝ፣ እኔ ሳልሰማት ነው የሄደችው፣ ማን እንደሆነ አውቄ ነው የምለምንሽ ይላል። ለሱም እሺ አልኩት።

እንግዲህ ይኸው ነው። ምን ላድርግ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ለሰው የሚጠየቅ አይደለም። ይህን ስትጨርሺ አትደውዪልኝ። ስልክ ላይ የሚመጣ ድምፅ እስከማምን ጊዜ ስጪኝ። በእጅሽ ጻፊልኝ፤ ያን የዶሮ ጭረት የሚመስል ጽሕፈትሽን ካየሁ አንቺ መሆንሽን አውቃለሁ። ደብዳቤውን እዚያ ላለው የካሳሁን ዘመድ ብትሰጪ ይደርሰኛል።

እማን ነፍሷን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን። ላንቺ እናትሽን ያቆይልሽ፤ ወገብሽን ይማርልሽ፤ ዘመድ በሌለበት ክፉ ዜና አያሰማሽ። ለቤተሰብሽ ሁሉ፣ ለትንሹም ለትልቁም፣ ሰላምታዬን በየስማቸው አድርሺልኝ።

በአንድ ገበታ አብራሽ የበላች እህት ጓደኛሽ